የአባቴ ኮምፒውተር በእኔ ስልክ

ርዕሱን አይታችሁ «ይቺ ልጅ ትምህርት ክፍሏን ተሳስታለች፣ ኮምፒውተር ሳይንስ በወዲያኛው ሕንፃ ነው» እንዳትሉኝ። የምጽፈው ስለ ኮምፒውተር ቢሆንም ጣጣው የእኛው የጋዜጠኞቹ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በሥነ ምግባር ኮርስ የምንጭን ምስጢር ስለ መጠበቅ ስንማር ደብተሬን ሞልቼ ጽፌያለሁ፤ ፈተናውንም ጥሩ ነው የሠራሁት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሳይሞላው የወደቅሁት ሌላ ፈተና ነው።

አባቴ ዓለም ከተማ ውስጥ ጸሐፊ ነው። ደራሲ ማለቴ አይደለም። ድሮ ራፖር ጸሐፊ ይባል የነበረው ዓይነት፣ ሰው ለፍርድ ቤት፣ ለወረዳ፣ ለቀበሌ የሚያስገባውን ማመልከቻ የሚጽፍ። በጽሕፈት መኪና ነው የጀመረው። በ1998 ዓ.ም. ኮምፒውተር ገዛና «የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ ሰቀለ። የዕድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የቤት ሽያጭ ውል ያልጻፈው ነገር የለም። ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቀው በሕይወት ታሪክ ነው፤ ቀብር ላይ የሚነበበውን ማለቴ ነው። ለሟች ጽፎ ገንዘብ አይቀበልም። አንዳንድ አዛውንቶች ደግሞ በቁማቸው መጥተው «የማያውቀኝ ሰው እንዳይጽፍልኝ» ብለው አስጽፈው ይሄዳሉ። ወረቀቱንም አይወስዱም። «አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ነው የሚሉት።

ሱቁ አሁን ተዘግቷል። ኮምፒውተሩ ቤት ገብቶ ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዕቃው በመሐል አንዴ ተለውጧል፣ ዊንዶውስ 10 ነው ያለው፤ ፋይሎቹ ግን ከነፎንታቸው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ተገልብጠዋል። የሃያ ዓመት የመርሐቤቴ ሰው ጉዳይ እዚያ ውስጥ አለ።

የአባቴን የፋይል አሰያየም ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልገናል። ድሮ ይጽፍበት የነበረው ቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እያስቀመጠ ነበር የሚሠራው። ኮምፒውተሩ ላቲን የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ እኛ አማርኛ ሆኖ የምናነበው ፎንቱ ስለተጫነ ብቻ ነው። ስለዚህ ለፋይል በአማርኛ ስም መስጠት አይቻልም። አባቴ የሕይወት ታሪኩን «ኤች»፣ ማመልከቻውን «ኤም» እያለ ቁጥር ይሰጠዋል፦ ኤች 1፣ ኤች 2፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው ደብተር ነው። ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ አባቴ አንገት ላይ ከማተቡ ጋር ታስሯል። የፊደል ችግር ያመጣውን ዘዴ ለምስጢር መጠበቂያ አደረገው ማለት ነው። (የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ አባቴ አላነበበውም። የሚያስፈልገውም አይመስለኝም ነበር።)

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ።

ዓለም ከተማን ለማታውቋት፣ ከአዲስ አበባ በጫንጮ አድርጋችሁ ሙከጡሪ ላይ ትታጠፋላችሁ፣ ለሚን አልፋችሁ የጀማን ገደል ትወርዳላችሁ፣ ወንዙን ተሻግራችሁ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን አንድ ወረቀት ቤት ረስታችሁ ከመጣችሁ ሁለት መቶውን የምታውቁት ያኔ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኔ ገና እዚያው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። መመለስ የጀመረው ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2016 ክረምት ነው፣ ያውም በአንዳንድ ከተሞች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፋይል ይሄድ የነበረው በፍላሽ ነው። ፍላሹን በፌስታል ጠቅልሎ ለሾፌር መስጠት፣ የሾፌሩን ስልክ መያዝ፣ መናኸሪያ ሄዶ መጠበቅ።

ድሮፕቦክስን የመሠረተው ድሩ ሂውስተንም ነገሩን የጀመረው ከፍላሽ ነው። ከቦስተን ወደ ኒው ዮርክ በአውቶብስ ሲሄድ ፍላሹን ረስቶ መውጣቱ ትዝ ብሎት ተናደደና መላ መፈለግ ጀመረ ይባላል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ተቋቋመ። የእሱ መላ ፋይላችሁን ግልባጭ አድርጎ ሌላ ቤት ማስቀመጥ ነው። ጎግል ድራይቭም፣ እኛ አገር ሁሉም ሰው እንደ ቁም ሣጥን የሚጠቀምበት ቴሌግራምም በዚሁ መንገድ ናቸው። ሁለተኛው መንገድ ግን ሌላ ነው። ፋይሉ ከቤቱ አይወጣም፣ እናንተ ናችሁ እጃችሁን የምትዘረጉት።

አባቴን መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ አንደኛው ነበር። «አባዬ፣ ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ላስቀምጥልህ?» ስለው «የሰው አደራ ተቀብዬ ሰው ቤት ላስቀምጥ?» አለኝ። ክርክሩ በዚያው አበቃ። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስሄድ ሁለተኛውን አደረግሁ። ኤኒዴስክ የሚባለውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩም ስልኬም ላይ ጫንኩ። እንዳይተኛ አስተካከልኩት፣ የይለፍ ቃል ሰጠሁት። በዚያ ቃል ማንም «እሺ ግቢ» ሳይለኝ መግባት እችላለሁ። ለአባቴም ነገርኩት፤ «ቤት ያለው ከቤት አልወጣም» ስለው ደስ አለው።

አሠራሩ ቀላል ነው ባይባልም ለመረዳት አይከብድም። በሞባይል ኢንተርኔት የተገናኘ የቤት ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚጠራበት የራሱ አድራሻ የለውም፤ ከብዙ ደንበኛ ጋር አንድ አድራሻ ይጋራል። ከውጭ ሆናችሁ ብታንኳኩ የሚከፍት የለም። ፕሮግራሙ ታዲያ ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥቶ በመሐል ካለ አገናኝ ሰርቨር ጋር ይገናኝና «አለሁ» ይላል። እናንተም ከስልካችሁ ያንኑ ሰርቨር ቁጥር ሰጥታችሁ ትጠይቁታላችሁ፣ እሱ ያገናኛችኋል። ወደ እናንተ የሚመጣው ፋይሉ አይደለም፣ የስክሪኑ ሥዕል ነው። ከእናንተ የሚሄደው ደግሞ የጣታችሁ እንቅስቃሴ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

በየካቲት አባቴ የዓይን ሞራ ግርዶሹን ሊያስገፍፍ አዲስ አበባ መጣ። እናቴም አብራው ነበረች። ቤት የቀሩት አያቴና የአሥራ ሦስት ዓመቱ ወንድሜ ናቸው። አንደኛው ዓይኑ ተሠርቶ ታስሮ፣ ሌላኛው ገና ሳይሠራ፣ አባቴ አክስቴ ቤት ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ሳለ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ጎረቤታችን እትዬ ዐርፈዋል። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። የደወለው ልጃቸው ነበር። «ጋሼ፣ እማዬ አንተ ዘንድ ያስጻፈችው ነገር አለ ብላን ነበር» አለው።

አባቴ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እትዬ ከዐሥር ዓመት በፊት መጥተው እንዳስጻፉት፣ እሱም ስሞት ይነበባል ብሎ ቃል እንደገባላቸው ነገረኝ። በሌሊት መሄድ አይቻልም፤ ማለዳ ተነስቶ መድረስም ዓይኑን ለታሰረ ሰው የማይሆን ነው። እኔ ወንድሜ ፋይሉን ከፍቶ በስልክ ፎቶ ያንሳልን አልኩ። ቀላሉ መንገድ እሱ ነበር።

«አይሆንም» አለ አባቴ። «ያን ሣጥን ልጅ አይከፍተውም። አንቺ ክፈቺው፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ።»

ወንድሜ ኮምፒውተሩን ብቻ አብርቶ ከአያቴ ስልክ ኢንተርኔት እንዲሰጠውና ከዚያ እንዲሄድ ታዘዘ። መብራት ነበር፣ እግዜር ይስጠው። በሁለት ሰዓት ላይ ተገናኘሁ። የሳሎናችን ኮምፒውተር ስክሪን፣ ያ ወንድሜ የለጠፈው የእግር ኳስ ተጫዋች ሥዕል ሳይቀር፣ መዳፌ ላይ ወጣ። አባቴ «ምን ይታያል?» ይላል እንደ ሕፃን። ዓይኑ ቢከፈት ኖሮ ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር።

«ኤች 63 ነው» አለኝ ከጭንቅላቱ። ከፈትኩት። የሌላ ሰው ነው፤ የአንድ የሞቱ የእግረኛ ጦር አባል። ስሙን ስነግረው «ውይ፣ ዝጊው፣ ዝጊው» አለ። «እንግዲያ 36 ነው።» 36 የእትዬ ሆነ።

ፋይሉን ወደ ስልኬ ላክሁት። ስልኬ ላይ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው፣ አንድም የሚነበብ ቃል የለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ በ2007፣ በቪስታ ጊዜ። አባቴ ግን በለመደው ቪዥዋል ግዕዝ ነው እስከ መጨረሻው የጻፈው። ፋይሉ መጥቷል፣ ፊደሉ እዚያው ቀርቷል። «አየሽ፣ አልወጣም አለሽ» ብሎ ሳቀ አባቴ፤ ያን ቀን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንደገና ወደ ቤት ገባሁ። ፋይሉን እዚያው ዓለም ከተማ ላይ፣ ፎንቱ ባለበት ከፍቼ የስክሪኑን ሥዕል እያነሳሁ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ሦስት ገጽ ናት፤ በሞባይል ስክሪን ግን ዐሥራ አንድ ሥዕል ሆነች። እያነሳሁ ጮክ ብዬ ለአባቴ አነበብኩለት። እትዬ በ1977 ድርቅ ጊዜ ነበር ዓለም ከተማ የገቡት። የመጀመሪያ ልጃቸው መንገድ ላይ እንደሞተ፣ ስሙን፣ የት ዛፍ ሥር እንደቀበሩት፣ ደርሰው የመጀመሪያዋን እንጀራ የሰጠቻቸው ሴት ማን እንደሆነች አስጽፈዋል። ልጆቻቸው የዚያን ልጅ ስም አያውቁም ነበር። ሥዕሎቹን ለልጃቸው በቴሌግራም ላክሁለት። ሌሊቱን በእጁ ገልብጦ አደረ።

ሥራዬ እዚህ ላይ አልቋል። ውጪ፣ ዝጊ፣ ተኚ።

አባቴ ግን እንቅልፍ ወሰደው፣ እኔም አልወጣሁም። ፎልደሮቹ ፊቴ ላይ ናቸው። ኤች አንድ ወገን፣ ኤም አንድ ወገን። ኤች 63ን የከፈትኩት በስህተት ነው። ኤም 112ን ግን በስህተት አልከፈትኩም። ለምን 112 ብትሉኝ ጣቴ እዚያ ላይ ስላረፈ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የማውቀው ስም ነበር። የከሳሿ ሳይሆን የተከሳሹ፤ እኔን ያስተማረኝ፣ አሁን ደግሞ ወንድሜን የሚያስተምረው መምህር። ምን ይል እንደነበር አልነግራችሁም። ሁለት ገጽ ነበር፣ ሁለቱንም አነበብኩ። አባቴ በመሐል ነቅቶ «አልጨረስሽም እንዴ?» ሲለኝ «ኔትወርኩ ነው» አልኩት።

ዘግቼ ስወጣ ቴሌግራሜ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

«ይሄ ስለ ቲቸር ነው እንዴ? እውነት ነው?»

ያዙልኝ ያልኳችሁን ዓረፍተ ነገር አስታውሱ። ወደ እኔ የሚመጣው የስክሪኑ ሥዕል ነው። ስክሪኑ እዚያው ሳሎናችን ውስጥ አለ። እኔ የምከፍተውን ሁሉ እዚያ ያለ ሰው ያየዋል። ወንድሜ ሂድ ቢባልም አልሄደም። ማንም ሳይነካው የሚሮጥ ማውስ እያየ ማን ይሄዳል? የሃያ ዓመት አደራ አባቴ ከልጅ ዓይን የከለለውን፣ እኔ ትልቋ ሰው ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ሆኜ ገጽ በገጽ አስነበብኩት። የቤቱን ስክሪን የሚያጨልም «ፕራይቬሲ ሞድ» የሚባል ነገር ፕሮግራሙ እንዳለው በኋላ ነው የተማርኩት። በእርግጥ ጥፋቴ የጀመረው ስክሪኑን ሳላጨልም በመቅረቴ አይደለም።

ለአባቴ የነገርኩት በማግስቱ ከሰዓት ነው፤ ቀብሩ ካለፈ በኋላ። የእትዬ ልጅ ደውሎ እያለቀሰ ሲያመሰግነው ቆይቶ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እያለ። ያንን ሰዓት በመምረጤ አሁንም እራሴን እታዘባለሁ።

አልጮኸብኝም። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ስንት ቁጥር ነው?» አለኝ።

«112።»

ደብተር አላስፈለገውም። «ማመልከቻ እኮ የአንድ ወገን ነው» አለ። «እሷ የምትለውን እኔ ጻፍኩላት። የሱን መልስ የጻፈለት ሌላ ጸሐፊ ነው፣ እኔ ዘንድ የለም። ነገሩ በሽማግሌ አልቆ ክሱን አንስታለች። ይሄ እኔ ኮምፒውተር ላይ አልተጻፈም።» ከዚያ የታሰረውን ዓይኑን እየዳበሰ «ልጁ ግማሹን ነው ያነበበው። አንቺም» አለኝ።

ሁለቱንም ወገን መስማት የሚለውን በሁለት ኮርስ ተምሬዋለሁ፤ ከማን ምን ያህል ማርክ እንዳገኘሁም አውቃለሁ። ለአባቴ ይህን አልነገርኩትም።

ወንድሜን በስልክ አስጠርቶ ያንኑ ነገረው፤ መልስ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ሽማግሌ እንደገባ፣ ያነበበውን ለማንም እንዳያወራ። ወንድሜ «እሺ አባዬ» አለ። ሌላ ምን ይላል?

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ «ሌላ ሰውስ በዚያ በር መግባት ይችላል?» ሲለኝ ላጽናናው ፈልጌ ነበር። እውነቱን ብነግረው ይሻላል ብዬ ነገርኩት። ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን ያወቀ ሰው ይገባል። አገናኞቹም ቢሆኑ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ኤኒዴስክ ራሱ ሰርቨሮቹ መጠለፋቸውን አሳውቆ የደንበኞቹን የድረ ገጽ የይለፍ ቃሎች እስከ መሰረዝ ደርሷል። አባቴ ይህን ሲሰማ «ቤቴን ቆልፌ መስሎኝ ነበር የመጣሁት» አለ። ክርክርም ቁጣም አልነበረበትም፤ እንዲሁ ነው ያለው።

ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም። ጠቀሜታውን አይተነዋል፤ ያቺ የእንጀራዋ ሴት ስሟ በቀብር ላይ የተጠራው በሱ ነው። አባቴም «አጥፊው» አላለኝም። ግን የይለፍ ቃሉን ሰርዤዋለሁ። አሁን ለመግባት ስሞክር ቤት ያለው ስክሪን ላይ ጥያቄ ይወጣል፣ እዚያ ያለ ሰው «ተቀበል» የሚለውን ካልተጫነ አይከፈትም። የሚጫነው አባቴ ነው። ዓይኑ ድኗል፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የማደርገውን እያየ፣ ሲበቃው «በቃ» ብሎ ይዘጋዋል። ኤም የሚለው ፎልደር ከዴስክቶፑ ላይ ተነስቷል። የት እንዳደረገው አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ስለ ፈተና ሊጠይቀኝ ደውሎ ነበር። ጨዋታ ለማስቀየር ያህል አሁንም ከፊት ወንበር ነው ወይ የምትቀመጠው አልኩት።

«አይ፣ ወደ ኋላ ተቀይሬያለሁ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ» አለኝ። ከዚያ ስለ ሒሳብ ጥያቄው ቀጠለ።